ለሻደይ የተዘረጋው ሁለተኛ ገመድ

ሰቆጣ ውስጥ ጥሩሐረግ ምሳውን የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ሠርግ ላይ ማይክሮፎን የምትተክለው እሷ ናት፤ ስብሰባ ላይ ስፒከር የምትጎትተው እሷ ናት፤ ከኋላ ተነስቶ "ኧረ ድምፁ ይቀነስ!" የሚል ሲመጣም "መጀመሪያ የራስህን ቀንስ!" የምትለው እሷው ናት። አፏ ለከት የለውም ይሏታል። ይበሏት! ሥራዋን የሚያማ ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ቢኖርም ፊቷ ቆሞ አይናገርም።

የጋዝጊብላ ልጅ ናት፣ ከአስከተማ ወጣ ብላ ካለች መንደር። አባቷ ምሳው "ሴት ልጅ ሽቦ ስትፈታ ትዋል?" እያለ ሲያጉረመርም ኖረ እንጂ አልከለከላትም። እንዲያውም የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ መልሳ የገጠመችው ቀን ገበያ ወርዶ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ዋለ። ሰቆጣ መጥታ ተማረች፤ ገበያው ዳር ሱቅ ቢጤ ከፍታ ቴፕና ቴሌቪዥን ስትጠግን ኖረች። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሱቋ ከነዕቃው ሄደ። ማን ወሰደው ብሎ መጠየቅ በዚያ ሰሞን ቅንጦት ነበር፤ ነፍስ ከተረፈ ምን ይፈለጋል! እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ባሕር ዳር ወረደች፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥም የድምፅ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች።

የዘመኑ ሥራ የገባት እዚያ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ማይክሮፎን የየራሱን ወፍራም ገመድ እየጎተተ ይመጣ ነበር። አሁን ማይክሮፎኑም፣ ካሜራውም፣ ስፒከሩም፣ ስክሪኑም ድምፅና ምስላቸውን በኔትወርክ ይልካሉ፤ በአንድ ቀጭን ገመድ ስንቱ አብሮ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ስዊች የሚሉት ሳጥን ተቀምጦ ለየባለቤቱ ያከፋፍላል። የማያውቅ ሰው "ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ሰክተህ መሄድ ነው" ይላል። እንዴታ! ኢሜይል ትንሽ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ድምፅ ግን የዓይን ጥቅሻ ታህል ከዘገየ ዘፈን መሆኑ ይቀርና ጫጫታ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ዕቃ ከመግዛት አይደለም። ገመዱ በየት ያልፋል፣ ማን ከማን ጋር መንገድ ይጋራል፣ አንዱ ቢበጠስ ድምፁ በየት ይዞራል፣ እሱን አስቀድሞ መንደፍ ነው። ጥሩሐረግ ይህን ንድፍ ወደደችው። ባሕር ዳር ኑሮው ተመችቷት ሳለ፣ አገር ሲረጋጋ "ምን ልትሠሪ ትመለሻለሽ?" ብለው ሲያሾፉባት፣ "ሻደይ አለብኝ" ብላ ሻንጣዋን አነሳች።

ሻደይን ላላየ ሰው ማስረዳት ያደክማል። ነሐሴ አጋምሶ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የዋግ ልጃገረዶች ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ሜዳውን ይሞሉታል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የምታወጣዋ ግጥሙን እዚያው ትፈጥረዋለች፤ ደግ ያየች እንደሆነ ታወድሳለች፣ ስስታም ያየች እንደሆነ አትምርም። የተቀባዮቹ ጆሮ ታዲያ ከአውጪዋ አፍ ለአፍታ መለየት የለበትም። ጥሩሐረግ ራሷ በልጅነቷ ተቀባይ ነበረች፤ ለማውጣት ድምፅዋ ይሻክራል።

በአምናው በዓል የሆነው አይነሳ! ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ስፒከሩን በሜዳው ዙሪያ ተከሉት፤ የላይኛው ቀድሞ ይጮኻል፣ የታችኛው ተከትሎ ይጮኻል። አውጪዋ ሁለተኛውን ግጥም ስትጀምር ተቀባዮቹ ገና የመጀመሪያውን ይቀበላሉ። ቀጥሎ የሆነ ፉጨት ተነሳና እንግዳው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ያ ጉድ በስልክ ተቀርጾ ከአገር አገር ዞረ። የዝግጅት ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ደግሰው የሰው መሳቂያ ሆነው ከረሙ፤ ገበያ ሲወጡ እንኳ "አቶ ደግሰው፣ ፉጨቱስ?" የሚላቸው አልጠፋም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ከዚያ ወዲህ ስፒከር ባዩ ቁጥር ግንባራቸውን ያልባቸዋል።

ዘንድሮ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ጥሩሐረግም የድምፅ ሠራተኛ ናት ተብላ ተጠርታ ነበር። አቶ ደግሰው ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ዘንድሮ በቀረጻ ነው" አሉ። "ዘፈኑን አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የታወቁ ድምፃውያን ተጫውተውታል፣ እጃችን ገብቷል። ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ አፋቸውንም ያንቀሳቅሳሉ። ድምፁን እኛ ከላፕቶፕ እንከፍታለን። ማን ያውቃል?"

ጥሩሐረግ ተነሳች። ማንም ዕድል አልሰጣትም፤ እሷ ደግሞ መቼ ዕድል ጠብቃ ታውቃለች!

"እኔ አውቃለሁ! ልጆቹ ያውቃሉ! ደሃና ሙሉው፣ አበርገሌ ሙሉው ያውቃል! የሻደይ ልጅ በሰው ጉሮሮ ስትጫወት የት አገር አይታችሁ ነው? በራሳችን አፍ በኽምጥኛ የሚወጣውንስ ግጥም ያ ስቱዲዮ ከማን ተማረው? በገዛ ሻደያችን አፋችንን እንደ ዓሣ ከፍተን እንዝጋ?"

"ልጄ፣ አምና የሆነውን አላየሽም?" አሉ አቶ ደግሰው።

"አይቻለሁ። የአምናው ነውር የሰዎቹ ንድፍ ነው፣ የልጆቹ ጉሮሮ አይደለም።"

የኮሚቴው አባል የሆኑት መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው፣ "ከተጀመረ አይቀር ማኅሌቱንም ቀርጻችሁ ስጡን" አሉ። "እኛም መቋሚያችንን ይዘን አፋችንን እያንቀሳቀስን እንቆማለን። ዕድሜውም ሄዷል፣ ጉሮሮም ደክሟል፤ እሰየው ነው።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ደግሰው ብቻ አልሳቁም። ግን ደግሞ መሪጌታን ተቃውሞ ወዴት ይደረሳል? "እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ጥሩሐረግ ትሥራው። በዋናው ልምምድ ቀን ድምፁ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ከተቆራረጠ ግን ቀረጻው ይከፈታል። ያኔ ክርክር አልሰማም።"

"ይሁን!" ብላ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሜዳውን ስትዞረው ዋለች። ሜዳው ዳር ካለው የከተማው አዳራሽ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ዋናውን ስዊች አስቀመጠች፤ ማደባለቂያውን ሚክሰር እንግዶቹ ከሚቀመጡበት ድንኳን ጎን አደረገችው። ከዚያ የኮሚቴውን ሰዎች ጠርታ በእንጨት መሬት ላይ እየሠራች አስረዳቻቸው። የድምፅና የምስሉ መንገድ የራሱ ብቻ ነው፤ የቢሮ ኢንተርኔትም የስልክ ዋይፋይም አይረግጠውም። ሳጥኖቹ ሁሉ የአንዱን ሰዓት ይከተላሉ፤ ያኔ ስፒከሮቹ ሁሉ እኩል ይናገራሉ። የዘንድሮዋ አውጪ ፅዮን፣ ከደሃና የመጣች ቀጭን ረዥም ልጅ፣ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "እንደኛው ነዋ!" አለች ኽምጥኛ በሚጎትተው አማርኛዋ። "አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ሁለት አውጪ ከገባ ይፈርሳል።"

"በይ አንቺ ነሽ መሐንዲሷ" አለቻት ጥሩሐረግ።

አቶ ደግሰውን የከነከናቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጥሩሐረግ ከአዳራሹ ወደ ሜዳው ሁለት ገመድ ነው የዘረጋችው፤ አንዱን በላይ በድንኳኑ ጀርባ፣ ሌላውን በታች በመሥሪያ ቤቶቹ አጥር ሥር፣ ሁለቱንም ወጣቶች ቆፍረው ቀበሩላት። ድምፁ የሚሄደው በላይኛው ነው። የታችኛው የላይኛው እስኪበጠስ ድረስ ባዶውን ይቀመጣል።

"ለዚህ ሥራ ፈት ገመድ ነው ይህ ሁሉ ሰው ሲቆፍር የዋለ?" አሉ።

"መጠበቅም ሥራ ነው፣ አቶ ደግሰው። ዘበኛስ ሌባ ካልመጣ ሥራ ፈት ነው?"

መልሱ ጥሩ ነበር። እሷው ራሷ ብታዳምጠው!

"ሥራ ፈት ገመድ" የሚለው ስም ግን ከኮሚቴው አምልጦ ከተማ ገባ። ከሜዳው በታች ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠሩ ወይዘሮ መስታወት የሚባሉ ሴት አሉ። ጥሩሐረግ ከባሕር ዳር ባዶ እጇን ስትመለስ ቤታቸውን ከፍተው ያስጠጓት፣ ተከራይታ እስክትወጣ ድረስም ካፋቸው ቀንሰው ያበሏት እኒህ ሴት ናቸው። ልምምዱ ሲቃረብ አንድ ቀን መጡና አጠገቧ ቆሙ።

"ጥሩዬ፣ የቢሯችን መስመር ከተበላሸ ሰነበተ። ሪፖርት መላክ አቅቶን የሰው መሳቂያ ሆነናል። ያ ሥራ ፈት ገመድሽ በደጃችን ያልፋል አሉ። እስከ ሻደይ ድረስ እንኳ ብታውሽን።"

እስቲ ምን ትበል? "አይሆንም" የሚለው ቃል አፏ ላይ ነበር። ነገር ግን እሷ የምሳው ልጅ ናት። በእነሱ መንደር በእርሻ ወራት በሬው ደጁ ላይ ቆሞ እያለ ጎረቤት ሲጠይቀው "የለኝም" ያለ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ውሃ ይዞ የሚመጣለት የለም። ቆሞ የዋለ ነገር የጎረቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማራትም፣ ከእናት ከአባቷ ጋር ስትኖር ነው አጥንቷ ውስጥ የገባው። ደግሞ እትዬ መስታወት ናቸው የጠየቋት፣ ሌላ ሰው አይደለም። ያቺን ለማንም የማትመለስ አፈኛ ይሉኝታ ያዛት። ከዚያ በገዛ እጇ የአዳራሹን ኢንተርኔት ወደ ታችኛው ገመድ አስገብታ ለቢሯቸው ቀጠለችላቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። "ሪፖርት ምን ያህል ይከብዳል፣ ደግሞ የላይኛው አይበጠስም" እያለች ራሷን አጽናናች።

የልምምዱ ቀን ፀሐይዋ ደህና ወጥታ ነበር። ልጆቹ ከየወረዳው ገብተዋል፣ ኮሚቴው ተቀምጧል፣ ካሜራው ፅዮንን ትልቁ ስክሪን ላይ ደጃፍ ታህል አድርጓታል። ፅዮን አወጣች። ኧረ ድምፅ! ከላይኛው ስፒከርም ከታችኛውም እኩል ሲወርድ፣ ተቀባዮቹ ሲቀበሉ፣ መሪጌታ ሳያስቡት በመቋሚያቸው መሬቱን ይመቱ ጀመር። አቶ ደግሰው እንኳ ላባቸውን መጥረግ ትተው ነበር።

በዚህ መሃል ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ጎበዝ የመጨረሻዋን ካስማ እየቀጠቀጠ ነው። ካስማዋ መሬቱን ሰንጥቃ ገባችና የላይኛውን ገመድ ለሁለት ከፈለችው። ይህ የታሰበ ነገር ነው፤ የታችኛው ገመድ ለዚህ ነበር ሲጠብቅ የኖረው። ድምፁም እንደታሰበው ወዲያው ወደ ታችኛው ዞረ። ዞረና ምን አገኘ? ሪፖርት ብቻ መስሏችኋል? የቢሮው ሰው ሁሉ ዋይፋዩን ለስልኩ ቀጥሎታል፣ የጎረቤቱ ቢሮም ሰምቶ መጥቷል፣ አንዱ ፊልም ያወርዳል፣ አንዷ ከውጭ አገር እህቷ ጋር በምስል ታወራለች። መንገዱ ሞልቷል። የፅዮን ድምፅ ተቆራረጠ፤ ግማሽ ቃል ይመጣል፣ ግማሹ ይቀራል። ምስሏ አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ተቀባዮቹ የሚቀበሉት አጡ፣ አንዷ ሳቀች፣ አንዷ አለቀሰች፣ ጨዋታው ፈረሰ።

ጥሩሐረግ ወደ ስዊቹ ሮጠች። የታችኛው መስመር መብራት ያለ እረፍት ሲርገበገብ ስታየው ሁሉም ነገር ገባት። ስትመለስ አቶ ደግሰው ቀረጻው ያለበትን ፍላሽ ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ይዘዋል።

"ምንድን ነው የሆነው?" አሏት።

ካስማው ነው ብትል ማንም አይክድም ነበር። ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ይታያል፣ ጎበዙም መዶሻውን እንደያዘ ደንግጦ ቆሟል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰችው።

"ካስማው አንዱን ገመድ በጥሶታል። እሱ ችግር አልነበረም፣ ለዚያ ብዬ ነው ሁለተኛውን የዘረጋሁት። ሁለተኛውን ግን አውሼዋለሁ።"

"ለማን?"

"ለማንስ ቢሆን! የተዋሰው ምን አደረገ? ያዋስኩት እኔ ነኝ። ንድፉ ልክ ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

አቶ ደግሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ በራስሽ አፍ ተናገርሽ። ውላችን ውል ነው፤ ቀረጻው ይከፈታል።"

"ጥፋቱ የኔ ከሆነ ቅጣቱ ለምን የልጆቹ ይሆናል?" ድምፅዋ ከፍ አለ። "እኔን ይቅጡኝ! ያባሩኝ! ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ሚክሰሩ ላይ ያስቀምጡ፣ የት እንደሚነካ አሳይቼው እሄዳለሁ። የልጆቹን አፍ ግን አያሲዙብኝ!"

ፅዮን ቅጠሏን እንዳሰረች ከሜዳው መጣች። አቶ ደግሰው ፊት አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ የምትናገረውን ግን አልደፋችውም። "ጌታዬ፣ ቀረጻ ከሆነ እኛ አፋችንን አንከፍትም። እመቤታችንን ብለን ነው የመጣን።"

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ነገሩን አበረዱት። "ደግሰው ወንድሜ፣ ላፕቶፑ ከጎንህ ይቀመጥ። ጣትህ እላዩ ላይ ትሁን። ልጆቹ በጉሮሯቸው ይጀምሩ፤ ጠፋ ያልክ ቀን አንተው ትከፍተዋለህ። ከዚህ በላይ ምን ዋስትና አለ?"

አቶ ደግሰው ተነፈሱ። "ሚክሰሩም ላይ እሷው ትቀመጥ" አሉ፣ ፍላሹን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።

የቀረው ያዋሱትን መመለስ ነው፤ እሱ ከኮሚቴው ሁሉ ከበዳት። ወይዘሮ መስታወት ቢሮ ስትገባ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሰው ነበር። ሪፖርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

"እትዬ፣ ገመዱን ልወስደው ነው።"

"አሁን? ትንሽ ብትታገሺኝ ምን አለ? በሬ ከጥማድ መሃል ይፈታል እንዴ፣ ጥሩሐረግ?"

"አይፈታም፣ እትዬ። ነውር ነው። እኔ ግን እፈታዋለሁ።"

ወይዘሮ መስታወት ቀና ብለው አዩዋት። አልተሳደቡም፤ ቢሰድቧት በቀለላት። "ደጄን የከፈትኩልሽ ቀን እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጥሩሐረግ ገመዱን ነቀለች፣ የአዳራሹን ኢንተርኔት ቆረጠች፣ መንገድ ላይ አለቀሰች፤ ለምን ይደበቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታቸው አጥሯል። ሪፖርቱ በሌላ መንገድ ሄዷል፤ ቅሬታው ግን አልሄደም። እሷም ብትሆን ዳግመኛ ብትጠየቅ እምቢ እንደምትል ታውቃለች፤ እያወቀችም ይከነክናታል።

ሻደይ ደረሰ። ሜዳው ሰው አበቀለ ቢባል ይሻላል። ከአበርገሌ ቆላ ሌሊቱን የተጓዘው፣ ከደሃና በአህያ የመጣው፣ ከሩቅ ከተማ በመኪና የገባው፣ ሁሉም እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋው ተጣቧል። እንግዶቹ ድንኳኑን ሞልተውታል። ጥሩሐረግ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጣለች፤ አቶ ደግሰው ከጎኗ፣ ላፕቶፑ ፊታቸው፣ ጣታቸው እላዩ ላይ። የላይኛው ገመድ ተቀጥሏል፣ የታችኛው ባዶውን ይጠብቃል። ጥሩሐረግ ሁለቱን መብራቶች አሳይታቸዋለች፦ ይህ የላይኛው ነው፣ ይህ የታችኛው። ባታሳያቸው ይሻል ነበር መሰል።

ፅዮን አወጣች፤ ሜዳው ተቀበለ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ሄደ። ሰዉ እልል ይላል፣ እናቶች ያለቅሳሉ። ከድንኳኑ ጀርባ የተጣበበው ሕዝብ ግን ሲገፋፋ የላይኛው ገመድ የተቀጠለበትን ቦታ ረግጦ አላቀቀው። የላይኛው መብራት ጠፋ።

"ጠፋ!" አሉ አቶ ደግሰው ብድግ ብለው። "ጥሩሐረግ፣ ጠፋ!"

"መብራቷ ናት የጠፋችው! ድምፁ አለ፣ የታችኛው ይዞታል። ይስሙ እንጂ!"

ልክ ናት። ዘፈኑ ቅንጣት አልተናጋም፤ ፅዮን እያወጣች ነው፣ ልጆቹ እየተቀበሉ ነው። ነገር ግን የፈራ ሰው በጆሮው አይሰማም። የአምናው ፉጨት፣ የገበያው ሽሙጥ ታያቸውና ጣታቸው ላፕቶፑን ተጫነችው።

የስቱዲዮው ዘፈን ከየስፒከሩ ፈነዳ። ከበሮው፣ ኪቦርዱ፣ የተሞረደ የሴት ድምፅ ሁሉንም ዋጠው። ጥሩሐረግ የላፕቶፑን ድምፅ ወደ ታች ልትመልሰው እጇን ሰደደች። ጣቷ ሊነካው ሲል ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

ፅዮን አፏን ዘግታለች። ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ወገቧ ቅጠል ላይ አድርጋ ቆማለች። ከኋላዋ ያሉትም ቆመዋል፣ አንዲት አፍ አይንቀሳቀስም። ስክሪኑ ላይ የፅዮን ከንፈር ግጥም ብሎ ይታያል፤ ከስፒከሩ ሌላ ሴት ትዘፍናለች።

ጥሩሐረግ እጇን አነሳች። ድምፁንም አልቀነሰችም፣ ካሜራውንም አላዞረችም።

ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ አንጎራጎረ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቁጣ ሆነ። "የማን ድምፅ ነው?" "ዝጉት!" "ልጆቹ ይጫወቱ!" ድንኳኑ ውስጥ ያሉት እንግዶች እርስ በርስ ተያዩ።

"ካሜራውን ወደ ሌላ አዙሪው!" አሉ አቶ ደግሰው።

"አላዞርም።"

"ጥሩሐረግ! እባክሽ!"

"አላዞርም አልኩ! የመረጡት ይኸ ነው፤ ሕዝቡ ይየው። እኔ አልዘጋውም፣ እርስዎ የከፈቱትን እርስዎ ይዝጉት።"

የአቶ ደግሰው ፊት አመድ መስሏል፤ ያሳዝናሉ፣ እውነት ለመናገር። ስክሪኑን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ዘወር ብለው መሪጌታን አዩ፤ መሪጌታ ሰማዩን ያያሉ። በመጨረሻ ዘፈኑን ዘጉት።

"አሁን ቢቆራረጥስ?" አሉ በሹክሹክታ። "ያለን አንድ ገመድ ነው። እንደገና ቢቆራረጥስ፣ ልጄ?"

"ይቆራረጥ" አለች ጥሩሐረግ፣ የፅዮንን ማይክሮፎን ወደ ላይ እየገፋች። "ቢቆራረጥም የሚቆራረጠው የኛው ድምፅ ነው!"

ፅዮን ካሜራውን ፊት ለፊት አየችው፤ ጥሩሐረግን ያየች ያህል ነው። ትንፋሽ ሳበችና አወጣች። በኽምጥኛ ነው፣ ማንም ያላስጠናት፣ እዚያው የወለደችው ግጥም። አፋችንን ለማን ልንሰጥ ነው፣ እናታችን አፍ ባታስፈታን ማን ያስፈታን ነበር የሚል ነው ትርጉሙ፣ አማርኛ ሲሆን ጨው ያንሰዋል እንጂ። እንግዶቹ አልገባቸውም። ለአቶ ደግሰው ግን ኽምጥኛ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ነው፤ ከድንኳኑ ሰው ሁሉ ቀድመው ገባቸው። እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

ተቀባዮቹ ሊቀበሉ ሲነሱ ጥሩሐረግ ከጎኗ የሆነ ነገር ሰምታ ዞረች። የአቶ ደግሰው ከንፈር ከተቀባዮቹ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅም አለው።